ደረጃ ያለው የላም ገንዳ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ የጅቡቲ ሙቀት ገና ሳይብስ፣ አንድ ዓርብ ቀን ነው። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ብዙ ነገር ገጥሞኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይሄኛው ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ ሰው ላስቅ ብዬ የጀመርኩት ወሬ የአባቴን የብዙ ዓመት ዝምታ ይሰብራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር።

የምሠራው ጋቦዴ ሰፈር፣ አንዲት ነርስ ቤት ነው። ማዳም ደግ ናት፤ ዓርብ ዓርብ ቁርስ ካነሣሁ በኋላ ትለቀኛለች። እኛ ሐበሾቹ ደግሞ ዓርብ የምንገናኘው ካርቲየ ሰባት የሚባል ሰፈር፣ ሮዛ ጸጉር ቤት ነው። ጸጉር ቤት ይባል እንጂ አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ ጣሪያው ላይ የሚንቀጠቀጥ አንድ ቬንትሌተር። ጸጉር የምትሠራው ጥቂት ናት፤ የቀረችው ወሬ ፍለጋ ነው የምትመጣው።

ያን ቀን መብራት ሄደ። ቬንትሌተሩ ቀጥ አለ። ሮዛ ነፋስ ይግባ ብላ በሩን ብትከፍት ጭራሽ የውጪው ሙቀት ገባ። ጸጉሯን የታጠበችው ፎጣ ጠምጥማ፣ ቢጎዲን የተጠቀለለችው ከነቢጎዲኗ፣ እኔ ግማሽ ጭንቅላቴን ተሠርቼ መብራት መጠበቅ ሆነ።

«በሉ እንግዲህ፣ የሚያስቅ ያላት ታውራ። ዝም ብለን ከምንቀልጥ» አለች ሮዛ።

እኔ መቼ አቅማምቼ! የአንዲት ሙሽራ ታሪክ ጀመርኩ።

ያደግኩባት ገጠር ቀጋ ውኃ ትባላለች። ከመንደሩ ወጣ ብሎ ሜዳው መሃል አንድ የላም ገንዳ አለ። መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የተሠራ፣ ሰው ቢገባበት እስከ ወገቡ የሚውጠው ትልቅ ገንዳ ነው። ውኃው ከላይ ካለው ምንጭ በቦይ ይመጣለታል። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ደረጃ አለው። በአንድ ወገን መውረጃ፣ በሌላው ወገን መውጫ። በአካባቢው ቤት የለ፣ አጥር የለ። ላም ደግሞ በደረጃ አትወርድ! ልጆች ሆነን ስንጠይቅ አንዱ «ጣልያን ገላውን ሊታጠብበት የሠራው ነው» ይለናል፤ ሌላው የጥንት ሰው መቃብር ያደርገዋል። አባቴን ስጠይቀው ደግሞ «ለጥጃ ነው። ጥጃ አጭር ስለሆነ ወርዶ እንዲጠጣ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም ትልቅ ልጅ እስክሆን ይህን አምኜ ኖሬያለሁ።

የአክስቴ ልጅ ስታገባ ሙሽራዋን በቅሎ ላይ አውጥተን፣ እየዘፈንን በዚያ ሜዳ ስናልፍ በቅሎዋ ውኃ ጠማት። ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ገንዳው ሄደች፤ ደረጃውን እንደ ሰው ቀስ ብላ እየረገጠች ወረደችው። መሃል ስትደርስ አንገቷን ለመጠጣት ዝቅ ስታደርግ ሙሽራዋ ከነቬሏ በአንገቷ ላይ ተንሸራታ ውኃው ውስጥ ገባች። ሚዜው ከነሙሉ ሱፉ ዘሎ ተከተላት። በቅሎዋ ጉዳዬም ሳትል ጠጥታ ስትጨርስ በወዲያኛው ደረጃ ወጥታ ሣር መጋጥ ጀመረች። አጎቴ ለሙሽራው ወገኖች «ሰው ልጁን አስጊጦ ይድራል፤ እኛ አጥበን ሰጠናችሁ» አላቸው።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሮዛ ማበጠሪያዋን ጥላ «ባፕቴም አደረጓታ!» አለች። ባፕቴም በፈረንሳይኛ ጥምቀት ማለት ነው። ሁሉም እንደገና ሳቀ።

አንዲት ሴት ብቻ አልሳቁም። ጥግ ላይ፣ ከታጠቡ በኋላ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የተቀመጡ፣ እንደ አገሩ ሴቶች ዲሪያ የሚሉትን ስስ ቀሚስ የለበሱ እናት ናቸው። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። ሮዛ እማማ ጽጌ ትላቸዋለች፤ ባላቸው የባቡር ሠራተኛ የነበሩ፣ እዚህ ከተማ የከረሙ ሐበሻ ናቸው።

«ልጄ፣ ከመውረጃው አጠገብ የብረት መያዣ አለው?» አሉኝ።

«ነበረው መሰለኝ፤ አሁን ጉቶው ነው የቀረው።»

«ከምንጩ በላይ ትልቅ ዋንዛ አለ?»

«አለ! ያውቁታል እንዴ?»

«ላም ነው የሚጠጣበት?»

«ላሙም፣ በጉም፣ አህያውም…» አልኩ፤ ሳቁ ገና አፌ ላይ ነበር።

«እኔ የተጠመቅኩበት ነው» አሉና ተነሥተው ወጡ።

ሮዛ በዓይኗ «ምን ቆመሻል፣ ተከተያቸዋ» አለችኝ። ፎጣቸው ወድቆ ስለነበር አንሥቼ ሮጥኩ። የካርቲየ ሰባትን የዓርብ ቀትር የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጫት የሚጠብቀው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶታል። በዚያ መሃል ግማሽ ጸጉሬ ተሠርቶ ግማሹ ቆሞ፣ ፎጣ እያውለበለብኩ «እማማ! እማማ!» እያልኩ ስሮጥ ጎረምሶቹ እርስ በርስ «ወሪያ! ያቺን እያት!» እየተባባሉ ሳቁብኝ። እሳቸውን ያገኘኋቸው አንድ ሶማሌ ባለሱቅ ጥላ ሥር ነው። ባለሱቁ ወንበርና ቀዝቃዛ ውኃ ሰጥቷቸዋል፤ እኔን ሲያይ ያስለቀስኳቸው እኔ መሆኔን ገምቶ ገላመጠኝ።

እግራቸው ሥር ቁጢጥ አልኩ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ቀልድ ብዬ ነው።»

«አንቺ ምን አጠፋሽ! እኔ ነኝ የደነገጥኩት። የዚያን አገር ስም ከሰው አፍ ከሰማሁ አርጅቻለሁ» አሉ። ከዚያ ፊቴን ትክ ብለው አዩት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የጥላሁን።»

«ጥላሁን ማን?»

«ጥላሁን ዘለቀ።»

እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ቤታችሁን ሰው ምን ብሎ ይጠራዋል?»

ይሄ ደግሞ እንዴት ታወቀ? «የዘፍዛፊ ቤት ይሉናል። አያቴ ጌሾ ትዘፈዝፍ ስለነበር ነው ይባላል።»

እንባቸው ሳይደርቅ ሳቁ። «ጌሾ! የምን ጌሾ! ሰው ነው የዘፈዘፍነው!»

ከዚያ አወሩልኝ። አያቴ ዘለቀ ግንበኛ ነበር። ከተማ ወርዶ የፈረንጅ ሚሲዮኖች ክሊኒክ ሲሠሩ በቀን ሥራ ተቀጥሮ እዚያው ወንጌል ሰማ። ሥራው ሲያልቅ ወደ ቀጋ ውኃ ይዞ የተመለሰው አንድ መጽሐፍ ቅዱስና የተራረፈ ሲሚንቶ ነው። የእማማ ጽጌ አባት ማንበብ ይችሉ ስለነበር እሳቸው ሰባኪ፣ አያቴ ሠሪ ሆኖ አንዲት ቤተ ክርስቲያን አቆሙ። ግድግዳዋ ጭቃ፣ ክዳኗ ቆርቆሮ።

«ባፕቲስቶች ነበርን» አሉኝ። «እኛ ዘንድ ሕፃን አይጠመቅም። ሰው ነፍስ ሲያውቅ፣ ራሱ አምኖ፣ ሙሉ ሰውነቱ ነው ውኃ የሚገባው። በበጋ ወንዙ ይደርቃል፤ ሲሞላ ደግሞ ውኃችንን አረከሳችሁ ብለው ያባርሩናል። ዘለቀ ይሄኔ መጠመቂያ ጉድጓድ ቆፍሮ ሲሚንቶውን እንዳለ እሱ ላይ ጨረሰው። ሰው ቤቱን ያሳምራል፤ እሱ ጉድጓዱን አሳመረ። አባቴ ‹ግድግዳው ይሰነጠቃል እኮ› ሲለው ‹ግድግዳ ምን ያደርጋል፣ ዋናው ውኃ መያዙ ነው› ይለዋል።»

ብዙም አልነበሩም። «ሁላችን ብንሰበሰብ አንድ ድግስ አንሞላም» አሉ። ጎረቤቱ መጀመሪያ እሳት እንኳ አላጫጭርም ብሏቸው ነበር። እየቆየ ግን ለመደ። ጭራሽ ጥምቀት ያለ ቀን ጉብታው ላይ ሰፍሮ፣ በውርጭ ውኃ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ እያየ ይስቅባቸው ጀመር። ዘፍዛፊዎች የሚለውን ስም ያወጣው ያ ጉብታ ነው። እማማ ጽጌ በተጠመቁ ቀን አዳልጧቸው ጩኸታቸውን ሲለቁት ከጉብታው ጭብጨባ እንደመጣ ነገሩኝ።

ደርግ መጣና ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ቤቲቱ ታሸገች። ሁለቱ ሰዎች፣ አያቴና የእማማ ጽጌ አባት፣ ታሰሩ። ጸሎት ቤቱ የእህል መጋዘን ሆነ፤ ቆይቶ ቆርቆሮው ተነቅሎ ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት ተወሰደ። ክዳን የሌለው ጭቃ ክረምቱን አልቻለም። ምእመኑም ተበተነ፤ ከፊሉ ወደ ቀድሞ ሃይማኖቱ ተመለሰ፣ ከፊሉ ከተማ ገባ። እማማ ጽጌ ገና ኮረዳ ሳሉ ድሬዳዋ አክስታቸው ጋ ሸሹ፤ ከዚያ በባቡር እዚህ መጡ፤ አገቡ፣ ወለዱ።

«ልጆቼ አያምኑኝም። ‹የት ነበረች? ፎቶ አለሽ?› ይሉኛል። ፎቶ አንሺ ማን ነበረ እዚያ? አንዳንዴ እኔም ራሴ አልሜው ይሆን እላለሁ» አሉ። ቀጥለው «ለመሆኑ ውኃ ይይዛል?» አሉኝ።

«ጠብ አያደርግም» አልኳቸው።

«እስካሁን ድረስ?» ብለው ተገረሙ።

እኔ ደስ ብሎኝ፣ ሞቅ ብሎኝ፣ እዚያው ሱቅ በር ላይ ለአባቴ ደወልኩ። «አባባ፣ ዘለቀን የሚያውቁ ሰው አገኘሁ! ገንዳው…»

«እዚያ ድረስ ሄደሽ ይሄን ነው የምትለቅሚው?» አለና ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

አባቴ ስልክ ዘግቶብኝ አያውቅም። እማማ ጽጌ «ተቆጣ?» አሉኝ። «ኔትወርክ ነው» አልኩ። አላመኑኝም።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። «ምን ብለሽው ነው? እህል አልቀመሰም» አለችኝ። ነገርኳት። እሷም የማላውቀውን ነገር ነገረችኝ። አባቴ ያደገው አባቱ ከእስር ቤት አምልጦ ጅቡቲ ገባ፣ እዚያም ሌላ ሚስት አግብቶ ልጅ ወለደ እየተባለ ነው። ማን እንደጀመረው አይታወቅም፤ ወሬው ግን አገር ሁሉ ያውቀዋል። «አንቺ ጅቡቲ እሄዳለሁ ስትዪ አፉን ይዞ የቀረው ለምን መሰለሽ?» አለችኝ።

ያን ሳምንት ሥራ አልያዝልሽ አለኝ። ሩዙን አሳረርኩ፤ የማዳምን ነጭ ልብስ ከቀይ ጋር አጠብኩ። ማዳም ግንባሬን ዳብሳ ወባ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እኔ የማስበው ሌላ ነው። እማማ ጽጌ አያቴ እዚህ ከተማ እንደነበረ ቢያውቁስ? አዝነውልኝ ደብቀውኝ ቢሆንስ? እዚህ ገበያ ላይ አልፌው የማውቅ ሽማግሌ አያቴ ቢሆንስ?

በቀጣዩ ዓርብ ቤታቸው ሄድኩ። ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ነው የሚኖሩት። ገና ሻሼን ሳላወልቅ እናቴ ያለችኝን እንዳለ ነገርኳቸው።

እማማ ጽጌ ተቀምጠው ነበር፤ ተነሡ። «ዘለቀ? ጅቡቲ?» አሉ። «ዘለቀ የሞተው አባቴ እጅ ላይ ነው! አሁኑኑ ደውይ።»

«አባባ ይዘጋዋል።»

«እናትሽ ጋ ደውይ።»

ደወልኩ። እናቴን «ድምፁን ከፍ አድርገሽ አጠገቡ አስቀምጪው» አልኳት። እማማ ጽጌ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ጥላሁን፣ ጽጌ ነኝ፤ የሰባኪው ልጅ። አትመልስልኝ፤ ስማኝ ብቻ» አሉ። «እስር ቤቱ ውስጥ ተስቦ ገባ። መጀመሪያ የታመመው የእኔ አባት ነው። ሰው ሁሉ ሲሸሸው አባትህ አጠገቡ ተኝቶ አስታመመው፤ ውኃ በእጁ አጠጣው። አባቴ ሲድን በተራው አባትህ ወደቀ። ከዚያ አልተነሣም። አባቴ ከተፈታ በኋላ ድሬዳዋ ድረስ መጥቶ ነው የነገረኝ። አባትህ የትም አልሄደም። ትኩሳቱ መሃል ሲቃዥ የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ‹ያ ልጅ እኮ እሑድ ይጠመቅ ነበር› ይል ነበር።»

ለካ ቤተ ክርስቲያኗ የታሸገችው ቅዳሜ ነው። በማግስቱ ይጠመቅ የነበረው ልጅ አባቴ ነው።

ከወዲያ ዶሮ ሲጮህ ይሰማናል። አባቴ ተነሥቶ የሄደ መስሎኝ ልዘጋው እጄን ስዘረጋ እማማ ጽጌ ያዙኝ።

«እትዬ ጽጌ» አለ አባቴ።

«አቤት።»

«የት ቀበሩት?»

«ከእስር ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር። አባቴ ራሱ ነው የቆፈረለት።»

አባቴ ቀጥሎ ያለውን እስክሞት አልረሳውም። «ያንን ጉድጓድ እኮ በየዓመቱ የምለስነው እኔ ነኝ። ክረምት በወጣ ቁጥር ስንጥቁን እደፍናለሁ። እሱን እየረገምኩ ነው የምለስነው፤ ግን እለስነዋለሁ። ሰው ሲጠይቀኝ ለጥጃ ነው እላለሁ።»

«ለጥጃ!» አሉ እማማ ጽጌ። ሳቁና ለቅሶው አንድ ላይ መጣባቸው። ከወዲያም አባቴ መሳቅ ጀመረ፤ ቆይቶ ሳቅ መሆኑ ቀረ። እናቴ ስልኩን አነሣችና «እንደውልላችኋለን» ብላ ዘጋችው።

እማማ ጽጌ ክረምት ሳይገባ ከናጋድ ጣቢያ በባቡሩ ተሳፍረው ወደ ቀጋ ውኃ ሄዱ። «ፎቶ አለሽ?» የምትላቸው ልጃቸው ናት ይዛቸው የሄደችው። እኔ ማዳም ሥራ ስለበዛባት አልተፈቀደልኝም። በቪዲዮ ነው ያየሁት፤ ቀኑ ዓርብ ስለነበር እዚያው ሮዛ ጸጉር ቤት፣ ሁሉም ሴት ትከሻዬ ላይ ተደራርባ።

አባቴ ከብቶቹን ወንዝ ሰድዶ፣ ገንዳውን አድርቆ ፍቆ፣ አዲስ ውኃ ሞልቶበታል። ስልኩን አልቻለበትም፤ ግማሹን ጊዜ ያየነው የጆሮውን ቀዳዳ ነው። ሮዛ «ጋሼ፣ ያዙሩት!» ብላ ስትጮህ ጎረቤት ሳይቀር ሰማ። ጉብታው ላይ ሰው ሞልቷል፤ ይህ ገንዳ ምን እንደነበረ በአንድ ጊዜ አገሩ ሁሉ አስታውሷል። ያስታወሱ ሽማግሌዎችም አንድ ባንድ ወርደው እማማ ጽጌን ሳሟቸው።

አባቴ ይጠመቅ ይሆን ብዬ ልቤ ተሰቅሎ ነበር። አልተጠመቀም። ሁለቱ ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ እግራቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው፣ በዚያች ቤት የነበሩትን ሰዎች ስም እየጠሩ ተጨዋወቱ። አንዱን ሲረሳ እሳቸው ያስታውሱታል፤ እሳቸው ሲረሱ እሱ ይሞላላቸዋል። ከዚያ ወደ እስር ቤቱ ጀርባ ሄዱ። ያኔ ስልኩን እንድዘጋው አባቴ ነገረኝ፤ ዘጋሁት።

እኔ ዛሬም ማተቤን አልበጠስኩም፣ ጾሜንም እጾማለሁ። እማማ ጽጌም ወደ እኛ ነዪ ብለውኝ አያውቁም። ዓርብ ዓርብ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ወንበር ይይዙልኛል፤ በቃ።

ከዚያን ቀን ሁሉ እኔን የሚመላለስብኝ ገና ሲደርሱ የሆነው ነው። አባቴ ወደ ስልሳ ዓመቱ ነው። እናቱም፣ አክስቶቹም፣ ታላላቆቹም አልፈዋል። ሰው ሁሉ አቶ ጥላሁን፣ ካልሆነም አባባ ይለዋል። እማማ ጽጌ የልጃቸውን ክንድ ይዘው ሜዳውን ሲያቋርጡ ከሩቅ ቆም አሉና እጃቸውን ከፍ አድርገው «አቡሽ!» ብለው ተጣሩ።

አባቴ «አቤት!» ብሎ ሮጠ። ስልኩ ከእጁ ወድቆ ለእኛ ሰማዩ ብቻ ነበር የሚታየን፤ ድምፁን ግን ሰምቼዋለሁ። የትንሽ ልጅ ድምፅ ነበር። ጅቡቲ መጥቼ ለአባቴ ምን ላክሽለት ብባል ብዙ ነገር ልኬያለሁ፤ በልጅነት ስሙ የሚጠራው ሰው ከማግኘቴ የሚበልጥ ግን አንድም የለም።